በየሳምንቱ የሚወልቅ ክንፍ

ጥሩ ዕቃ የሠራ ሰው ይከበራል ያለውን ሰው ባገኘው ሁለት ነገር እጠይቀው ነበር። «ወንድሜ፣ ለመሆኑ ዕቃ ሠርተህ ታውቃለህ?» ብዬ እጀምርና «ደባርቅስ ኖረህ ታውቃለህ?» ብዬ እጨርሳለሁ። እኔ ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ። ጥሩ ዕቃ ሠርቼ ብቻዬን ተቀምጫለሁ፤ መጥፎ ዕቃ ሠርቼ ቤቴ በሰው ጢም ብሏል። ቁጭ በሉማ ላጫውታችሁ። ብትቸኩሉም ቁጭ በሉ፤ እኔ እዚህ ሁሉ ጣጣ ውስጥ የገባሁት ሰው ቁጭ እንዲልልኝ ስል ነው።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ወደ መጨረሻው ገደማ ነው። የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደባርቅ ሲያዛውሩኝ አለቃዬ «ዕድገት ነው» ብለው እጄን ጨበጡኝ። የደመወዝ መስሎኝ ነበር፤ ከአውቶቡስ ስወርድ ለካ የተራራ ኖሯል። የደባርቅ ብርድ በር አያንኳኳም፤ ዝም ብሎ ገብቶ አብሮ ይተኛል። ከእትዬ በላይነሽ ጠላ ቤት ጀርባ፣ ጣራዋ ቆርቆሮ፣ መስኮቷ የማይገጥም አንዲት ክፍል ተከራየሁ።

የአገሩ ሰው ክፉ ነው እንዳልል፣ በእውነት ደግ ነው። ሰላምታውም ረጅም ነው። «እንደምን አደርክ? ቤተሰብ ደኅና? ልጆች ደኅና? ከብቱስ?» ይሉኛል። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ከብት የለኝ። ግን ሰው በደግነት ሲጠይቅ «የለኝም» ብሎ ማሳፈር ነውር ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ደኅና ናቸው» እላለሁ። ያልተወለዱ ልጆቼን ደኅንነት ስንት ጊዜ አረጋግጫለሁ! ከዚያ ጠያቂዬ ወደ ልጆቹ ይሄዳል፣ እኔም ወደ መዝገቤ።

ገናን እንዴት እንደዋልኩ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። ሥጋ ገዛሁ፣ ጠበስኩ፣ ትሪውን ፊቴ አስቀመጥኩ። ባደግኩበት ቤት ሰው ሳይጋብዝ እጁን ወደ ምግብ የሚሰድ ልጅ በጥፊ ይመለስ ስለነበር፣ «እንብላ!» አልኩ። ማንን? ግድግዳውን። ግድግዳው «ብላ፣ ይባርክልህ» አላለኝም። ጮክ ብዬ «እንብላ እንጂ!» ስል የእትዬ በላይነሽ ድመት ገባች። እሷም ድርሻዋን ነጥቃ ወጣች እንጂ አልተቀመጠችም። ያን ቀን በጣም ከፋኝ። ሥጋውን ከነትሪው ገፋሁትና ለራሴ ማልኩ፤ ፋሲካን እንዲህ አላሳልፍም። ከትሪው ማዶ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ አብሮኝ ይቆርሳል።

እንግዲህ የአውሮፕላኑ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል።

ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ሰይድ የሚባል ነጋዴ ነበር። ጨው፣ ላምባ፣ አቡጀዲና ፋኖስ ይሸጣል። ሚስትና ልጆቹ ዳባት ናቸው፤ ሳምንቱን እዚህ ይነግድና እሑድ እሑድ ወደ እነሱ ይወርዳል። አንድ ቀን ከአስመራ ራዲዮ አስመጣ። ራዲዮው የታሸገበት ነገር ነጭ፣ ጠንከር ያለ፣ ግን እፍ ቢሉት የሚበር ነበር። ዛሬ ፎም የምትሉት ነው፤ እኛ ቡሽ አልነው። ሰይድ ሊያቃጥለው ሲል ለመስኮቴ ቀዳዳ ብዬ ለመንኩት።

ቢላዬን ከሰል ላይ አግዬ ስቆርጠው እንደ ቅቤ ተቆረጠ። መስኮቱን ደፈንኩ። አንድ ረጅም ቁራጭ ተረፈኝ፤ ሳገላብጠው ክንፍ መሰለኝ። ከጎንደር ወደ አክሱም የሚሄደው አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር አንጋጥጬ አየው ነበር። የሚያስቀናኝ መብረሩ አልነበረም፤ ውስጡ ያሉት ሰዎች ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው። እንግዲህ እሱን አስመስዬ ጠረብኩ። ሆዱን ጠረብኩ፣ ጅራቱን ጠረብኩ፣ ክንፉን በግራር ሙጫ አጣበቅኩ፣ አፍንጫው ላይ ሚስማር ሰክቼ ሚዛኑን አስተካከልኩ። ፍርፋሪው ጋቢዬ ላይ ተጣብቆ በማግሥቱ ቢሮ ስገባ ዘበኛው «እናንተ ሰፈር በረዶ ጣለ እንዴ?» አለኝ።

ከሥራ ስመለስ ከደጄ ላይ ወረወርኩት። በረረ! በእመብርሃን፣ እውነቴን ነው፣ በረረ። የደባርቅ ነፋስ ከሥሩ ገብቶ አነሣው፤ አጥሩን ዘለለ፣ በእትዬ በላይነሽ ግቢ ላይ አንዴ ዞረ፣ ከዚያ አፍንጫውን ደፋ አድርጎ ክዳኑ የተከፈተ የጠላ ጋን ውስጥ ጥልቅ አለ። ገብቼ በሬን ልዘጋ ስል እትዬ በላይነሽ ጠላ የሚንጠባጠብ አውሮፕላን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ደረሱ።

«አንተ ጸሐፊ! ይኼ የማን ነው?»

«የእኔ ነው፣ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ምንድን ነው?»

«አውሮፕላን ነው።»

«ኧረ በሞትኩት! አንተ ነህ የሠራኸው?»

ገቡና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ተቀመጡ እኮ ነው የምላችሁ! እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ከእኔ በቀር አልጋውን ያስጮኸው ሰው አልነበረም። አውሮፕላኑን አገላብጠው አገላብጠው አዩት። «ለጠላ ቤቴ አንድ ሥራልኝ፣ ጣራው ላይ እሰቅለዋለሁ» አሉ። «ግን ይኼ ምነው ከሳ? የተራበ ይመስላል። ሆድ ጨምርለት።» ሻይ አፈላሁ፤ ጠጡ፤ ስለ ልጃቸው፣ ስለ ሞተው ባላቸው፣ ስለ ጌሾ መወደድ አወጉኝ። ሲሄዱ ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ጠላ የነካውን አውሮፕላን ሳምኩት።

ወሬው ከጠላ ቤቱ ተነሥቶ ከተማውን አዳረሰ። ሁለተኛው ደንበኛዬ ባላምባራስ ካሴ ነበሩ፤ ማዕረጋቸው የጥንት፣ ቁጣቸው የዘወትር የሆነ ሽማግሌ። «በሩን በግራ በኩል አድርገው» አሉኝ። «በቅሎ በግራ ነው የሚወጣው።» አውሮፕላን በቅሎ አይደለም ልል አፌን ስከፍት አዩኝ፤ መልሼ ዘጋሁት። «ደግሞ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ትቀባዋለህ።» ከቢሮ የተረፈ የዘይት ቀለም ነበረኝ፤ ወፈር ስላለ በቤንዚን አቀጠንኩት። ቤንዚን ቡሽ እንደሚበላ ማን ነግሮኝ! እሳቸው ቆመው እያዩኝ ስቀባ ክንፉ መቅለጥ ጀመረ። አረንጓዴው ቢጫውን ዋጠ፣ ቢጫው ቀዩን ዋጠ፣ መሐሉ ጠለቀ። ባላምባራስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ሰንደቅ ዓላማ ሲወርድ መስሏቸው ይሆናል። ሁለተኛውን በመጻፊያ ቀለም ቀባሁላቸው።

ሦስተኛው መሪጌታ ፈንታ ናቸው፤ የደብሩ መሪጌታ፣ የሠፈሩም አስታራቂ። «ሥራው መልካም ነው» አሉ፣ ጢማቸውን እየዳሰሱ። «ዐይን ግን የለውም። ዐይን የሌለው ምን አይቶ ይበራል?» ሁለት ትልልቅ ዐይኖች ሣልኩለት። በቤተ ክርስቲያን እንዳሉት ሥዕሎች ወደ ጎን የሚያዩ ዐይኖች ሆኑ፤ እዚህ ላይ እጄ በራሱ ሄደ።

አንዳቸውም ይበራል ወይ ብለው አልጠየቁኝም። እኔ ስንት ቀን የተጨነቅኩት ለሱ ነው። ሆድ ሲጨመር ሚዛኑ ይጠፋል፤ በር ሲቀደድ ነፋስ ይገባል፤ ዐይን ሲሣል እንኳ ቀለሙ አፍንጫውን ያከብደዋል። ይኼን ሁሉ ችዬ፣ ባለሆድ፣ ባለበር፣ ባለዐይን አውሮፕላን አበረርኩ። «ይበራል እኮ፣ ይመልከቱ!» ስላቸው «ይሁን፣ ይሁን፣ ይብረር» ይሉኝና ጣራቸው ላይ በገመድ ያንጠለጥሉታል።

ይኼም ይሁን። የከፋው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አውሮፕላናቸውን ይወስዳሉ፣ «እጅህን ይባርከው!» ይላሉ፣ ይሄዳሉ። አይመለሱም። ምን ሊሠሩ ይመለሳሉ? እትዬ በላይነሽን በር ላይ አግኝቼ «አውሮፕላኑ እንዴት ነው?» ስላቸው፣ «ግሩም ነው! ምንም አልሆነም!» ይላሉ። ባላምባራስን ስጠይቅ፣ «ምንም አልሆነም።» መሪጌታም እንዲሁ። ምንም አልሆነም የሚለው ቃል እንደ እሾህ ይወጋኝ ጀመር። ሁዳዴ ገብቶ ቀኑ እየተቆጠረ ነው፤ የእኔ ትሪ ማዶ ግን ገና ባዶ ነው።

ሰይድን አማከርኩት። «ጎንደር አንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ ደንበኛ ንጉሥ ነው የሚል አይቻለሁ» አልኩት። ሰይድ ወደ በሩ አየ፣ ወደ መስኮቱ አየ። «ዝም በል፣ አንተ ሰውዬ! ንጉሡ አንድ ናቸው፤ እሳቸውም አዲስ አበባ ናቸው። ሱቄን ልታዘጋ ነው?» ከዚያ ጨው እየሰፈረ ሳቀና «የእኔን ደንበኛ መልሶ የሚያመጣው ምን ይመስልሃል? የፋኖስ ብርጭቆ ነው» አለኝ። «ፋኖሱ አይሰበርም፤ ብርጭቆው ይሰበራል። ዕቃህ ካልተሰበረ ሰው ምን ሊሠራ ይመጣል?»

እሱ እየቀለደ ነበር። እኔ ግን ብቸኛ ሰው ነበርኩ፤ ብቸኛ ሰው ደግሞ ቀልድ ሲነገረው ምክር ይመስለዋል።

አውሮፕላኖቹን «ላጠናክርላችሁ» ብዬ ሰበሰብኳቸው። የእያንዳንዳቸውን ክንፍ ከሥሩ፣ ሰው በማያይበት በኩል፣ በጋለ ቢላ ግማሽ ድረስ ቆረጥኩና ቁርጡን መዝገብ በምንለጥፍበት የዱቄት ሙጫ ደፈንኩት። የዱቄት ሙጫ በደባርቅ ጉምና በቤት ጢስ መሐል ሳምንት ቢቆይ ነው። ጥሩ አድርገው የሠሩትን ነገር በገዛ እጅ ማበላሸት እንዴት እንደሚያስጠላ የሠራ ያውቀዋል።

ግን ሠራ! በሳምንቱ እትዬ በላይነሽ ክንፉን በአንድ እጅ፣ ሆዱን በሌላ እጅ ይዘው ከች አሉ። «ወለቀብኝ፣ ልጄ!» «ወይኔ! ይቀመጡ፣ አሁኑኑ እጠግናለሁ።» አሁኑኑ ያልኩት እስኪመሽ ቆየ። ቆሎ አቀረብኩ፣ ሻይ አፈላሁ። በማግሥቱ መሪጌታ መጡ፤ ክንፉ እስኪደርቅ የቅኔ ዘመናቸውን ተረኩልኝ። ባላምባራስም መጡ፤ እየተቆጡ መጡ፣ እየተቆጡ ተቀመጡ፣ ከአንድ ጎረቤታቸው ጋር ስላላቸው የድንበር ክርክር እየተቆጡ አጫወቱኝ። ክንፉን መልሼ በዱቄት ሙጫ እለጥፋለሁ፤ በሳምንቱ መልሶ ይወልቃል። እንደዚያ ያለ ሁዳዴ አሳልፌ አላውቅም። የቤቴ በር መዝጊያ ላላ። ቢሮ ውስጥ ስዘፍን ተይዤ ተመከርኩ።

ጊዜው ሲደርስ ሁሉንም ጠራኋቸው። «ለፋሲካ እኔ ቤት ነው የምትፈስኩት» አልኳቸው። «እግዜር ያድርሰን፣ እሺ!» አሉኝ፣ ሦስቱም። ዶሮ የት እንደምገዛ ማሰብ ጀመርኩ።

ከሆሣዕና በፊት በነበረው ሳምንት ባላምባራስ ቤታቸው ሽማግሌ ተቀመጠ። ያ የድንበር ክርክር ነው። ጎረቤትየው «ድንበሬን ገፍተዋል» ይላል፤ ባላምባራስ «አልገፋሁም» ይላሉ። በመጨረሻ ማል ተባሉ። ተነሥተው ቆሙ፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፤ «ዋሽቼ ከሆነ ሰማይ ይውደቅብኝ!» አሉ።

ክንፉ አናታቸው ላይ ወደቀ።

ቡሽ ነው፤ አያምም። ግን ሲያወሩ እንደሰማሁት፣ ጎረቤትየው ሦስቴ አማተበና «እግዜር ፈረደ» አለ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ሴት እልል አለች፤ ለምን እንዳለች እሷም አታውቅም። ባላምባራስ ክንፉን ከምድር አነሡ፣ ገለበጡት፣ በመስኮቱ ብርሃን አዩት። የተሰበረ ነገር ሻካራ ነው፤ ይኼ ግን ግማሹ እንደ መስታወት የለሰለሰ ነበር።

ሰይድ ሱቅ ቆሜ ሳለሁ ከኋላዬ «በሕግ አምላክ! ቁም!» የሚል ድምፅ መጣ። ያ ቃል ከተነገረ የሚንቀሳቀስ የለም፤ ቆምኩ። ባላምባራስ የጋቢያቸውን ጫፍ ከጋቢዬ ጫፍ ጋር ቋጠሩት። ከሳሽና ተከሳሽን በልብስ አስተሳስሮ ወደ ዳኛ መውሰድ ከቀረ ስንት ዘመኑ! እሳቸው ግን ከቀረው ጋር የቀሩ ሰው ናቸው። «ወደ ሽማግሌ!» አሉና ጎተቱኝ።

በገበያው መሐል አለፍን። ሰው ሁሉ ከደጁ ወጥቶ ያያል። እሳቸው በንዴት ይራመዳሉ፣ እኔም ቋጠሮው እንዳይፈታ እርምጃዬን ከእርምጃቸው እያስተካከልኩ አብሬ እራመዳለሁ። አሁን የምነግራችሁን ለማንም አትንገሩብኝ። በደባርቅ መንገድ ላይ ከሰው ጋር ጎን ለጎን ስሄድ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ አለኝ። ጋቢያቸውም ይሞቅ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ፣ ከጽዱ ዛፍ ሥር ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። መሐል የተቀመጡት መሪጌታ ፈንታ ናቸው። ዳኛዬ ደንበኛዬ ሆኑ ማለት ነው፤ ይኼን አላሰብኩበትም ነበር። እትዬ በላይነሽም ወሬውን ሰምተው ጠላቸውን ጥለው መጥተዋል።

«ዋስ ጥራ» አሉኝ መሪጌታ። «ዋስ ካገኘህ ቋጠሮው ይፈታል።»

ዞሬ የተሰበሰበውን ሰው አየሁ።

«ዘመድ የለህም?»

«የለኝም» አልኩ። ለብቻ ሲያስቡት ቀላል ቃል ነው፤ በሰው ፊት ሲናገሩት ግን ይከብዳል።

«እኔ ዋሱ ነኝ» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ሰይድ ነው፤ ሱቁን ክፍት ትቶ፣ የጨው መስፈሪያውን እንደያዘ ተከትሎን መጥቷል።

ባላምባራስ ዞሩ። «አንተ ደግሞ ምኑ ነህ?»

«ደንበኛው ነኝ» አለ ሰይድ።

ቋጠሮው ተፈታ። ብርዱ ወዲያው ገባኝ።

መሪጌታ ክንፉን ተቀብለው አዩት። «ልጄ፣ ይኼ የተሰበረ ነው ወይስ የተቆረጠ?»

ብዋሽ የሚያምነኝ አላጣም ነበር። ግን ባላምባራስን አየሁ። በዚያ ዕድሜያቸው ሰማይ የመሰከረባቸው ሰው ሊባሉ ነው። «የተቆረጠ ነው» አልኩ። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት። እግዜር የለበትም።»

«ስለ ምን?»

«ሰው እንዲመጣልኝ ብዬ ነው።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ብዙ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ መሳቁን ተወ። መሪጌታ ብቻ አልሳቁም፤ በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። «የእኔም ክንፍ?»

«አዎ፣ መሪጌታ።»

«አራት ጊዜ አመላለስከኝ!»

«አራት ጊዜም አጫወቱኝ፣ መሪጌታ። እግዜር ይስጥልኝ።»

እትዬ በላይነሽ ተነሡ። «አንተ ልጅ፣ እንዲያው ይምጡ ብትለኝ አልመጣም ነበር?»

«ብዬዎት ነበር፣ እትዬ።»

«ምን አልኩህ?»

«እሺ አሉኝ።»

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

ፍርዱ አጭር ነበር። ጎረቤትየው ዘንድ ሄጄ ክንፉን የጣልኩት እኔ እንጂ ሰማይ አለመሆኑን እንድመሰክር፣ ክንፎቹን ሁሉ ዳግመኛ እንዳይወልቁ አድርጌ እንድጠግን። መሰከርኩ። ጎረቤትየው «አንተ ቆርጠህ ይሆናል፣ በዚያች ሰዓት የጣለው ግን ማን ነው?» አለኝ። ጥገናውን ግን ልቤ እስኪጠፋ ሠራሁ። ለእያንዳንዱ ክንፍ የወይራ ስንጥር አስገባሁ፣ በግራር ሙጫ ሁለቴ አጣበቅኩ፣ በፀሐይ አደረቅኩ። ዛሬም ድረስ እንደዚያ ያለ ዕቃ አልሠራሁም። ክንፉን ብትጎትቱት ጣራው ይመጣል እንጂ ክንፉ አይወልቅም። ወስጄ ሰቀልኩላቸው። «እጅህን ይባርከው» አሉኝ።

ፋሲካ ደረሰ። ቀዳም ስዑር ዕለት ዶሮ አርጄ ቀኑን ሙሉ ሠራሁ። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ይወጣታል ይላሉ፤ እኔ አሥራ አምስት አወጣሁ፣ አንገቱን ግን እስካሁን የት እንዳደረስኩት አላውቅም። ያለኝን በርበሬ ሁሉ ጨመርኩበት። ፈረሰኛውን ለባላምባራስ፣ ለዕርቅ። መላላጫውን ለመሪጌታ። ለእትዬ በላይነሽ ሁለት እንቁላል። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድሬ፣ ጠዋት ቤቴን ጠርጌ፣ ምንም ሳልቀምስ በሩን ከፍቼ ተቀመጥኩ።

ፀሐይ ወጣች። ሰው ነጭ ለብሶ ያልፋል፣ ቤቱ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። እትዬ በላይነሽ ለካ ልጃቸው ዘንድ አምባ ጊዮርጊስ ከወረዱ ሁለት ቀናቸው ነው። መሪጌታ ሌሊቱን ሲያዜሙ አድረው እንደ ሙት ተኝተዋል። ባላምባራስ አኩርፈዋል። ሌላው ጎረቤት እንደ ወጉ ብቸኛ ሰው ይጠራ ነበር፤ ግን እኔ «ሰው ጠርቻለሁ፣ ቤቴ ድግስ ነው» ብዬ ለከተማው ሁሉ አውርቻለሁ። ጋባዥን ማን ይጋብዛል? የራሴን በር በራሴ አፍ ዘግቼዋለሁ። ይኼ የገባኝ ረፋዱ ላይ ነው። አለቀስኩ እንዳልል ወንድ ነኝ፤ አላለቀስኩም እንዳልል እናንተን መዋሸት ሰልችቶኛል።

እኩለ ቀን ሲሆን በሩ ላይ ጥላ አረፈ። ሰይድ ነው።

«እንኳን አደረሰህ» አለኝ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን! ግባ፣ ግባ! ዳባት አልወረድክም እንዴ?»

«በምን? ሹፌሩ ሁሉ ዶሮው ላይ ነው። ሻይ ቤቱ ዝግ፣ ምግብ ቤቱ ዝግ። ከትናንት ጀምሮ በቴምር ነው ያለሁት።»

ከደስታዬ ብዛት አላሰብኩም። እጁን ይዤ አስቀመጥኩት፣ ድስቱን አምጥቼ ፊቱ ላይ ክዳኑን ከፈትኩ። የዶሮው እንፋሎት ቤቱን ሞላው። ሰይድ ድስቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ድስቱን አየ። ያን ጊዜ ነው የታወሰኝ። በሥላሴ ስም ብዬ ያረድኩት እኔ ነኝ፤ እስላም የክርስቲያን ሥጋ አይበላም። እሱ ባርኮ ቢያርድልኝ ኖሮ ደግሞ እኔ አልበላውም ነበር። ድስቱ በመሐላችን ይጨሳል፤ ሁለታችንም እንደ ራበን ቁጭ ብለናል።

«ግዴለም፣ አንተ ብላ» አለ ሰይድ ቀስ ብሎ። «ሃምሳ አምስት ቀን ጾመሃል። እኔ ተቀምጬ አጫውትሃለሁ።»

ድስቱን ከደንኩት። ለሁዳዴ የምሠራባትን ትንሿን ድስት አወጣሁ። «ይቺ የጾም ናት፤ ሥጋ ነክቷት አያውቅም» አልኩት። ከሰሉን አራገብኩ፣ ከጆንያው ሥር የቀረውን የሽሮ ዱቄት ጠርጌ ጣልኩበት። በርበሬውን ዶሮው ጨርሶታል። ሰይድ ምን እንደማደርግ ሲገባው ሊከለክለኝ ተነሣ፤ «ዛሬ ፋሲካህ ነው እኮ!» አለኝ። «ተቀመጥ» አልኩት። ተቀመጠ።

እጃችንን ታጠብን። እኔ አማተብኩ፣ እሱ ቢስሚላህ አለ። ቆረሰ፣ ቀመሰ፣ ትንሽ አሰበ።

«ጨው አንሶታል» አለኝ።

ተነሥቼ አመጣሁለት። ስመለስ ዐይኔ በእንባ ተሞልቷል፤ በርበሬው ነው እንዳልለው ሽሮው አልጫ ነው። ሰይድ አየኝ። ትልቅ አድርጎ ጠቅልሎ አጎረሰኝ።